በብድር የተገኘ ዕድሜ

ዕድሜ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ሁላችንም እንናገራለን። በዘመናችን ግን ሰው ለሰው ጥቂት ዕድሜ ማበደር ችሏል። ብድር ሁሉ ሕግ አለውና የዚህንም ሕግ መመርመር ይገባል።

ጆን ጊበን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1931 በሳንባዋ የደም ሥር ደም የረጋባት አንዲት ሴት ስትጨነቅ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ሆኖ ተመለከተ፤ ሴትዮዋም ሞተች። እርሱም ደምን ከሰውነት አውጥቶ አየር እየመገበ የሚመልስ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ። ሃያ ሁለት ዓመት ደክሞ በ1953 በዚህ መሣሪያ ረዳትነት የአንዲት ወጣት ልብ ጠገነ። በ1975 ደግሞ ሮበርት ባርትሌት የተባለ ሐኪም መተንፈስ ላቃታት አራስ ተመሳሳዩን መሣሪያ ለቀናት አቆየላት፤ ሕፃኒቱም ዳነች።

በአገራችንም ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት ድርጅት አማካይነት፣ በ2009 በልደታ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ሐኪሞቹ የሕፃኑን ልብ አቁመው ቀዳዳውን ሲደፍኑ መሣሪያው ለጥቂት ሰዓት በልቡ ፈንታ ይሠራል። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ግን ብዙ ናቸው።

እንግዲህ የብድሩ ሕግ ምንድን ነው? መሣሪያው አያድንም፤ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። የታመመው ሳንባ የሚያገግም፣ ልቡም የሚጠገን ከሆነ ማበደር ግዴታ ነው። ይህ ተስፋ ፈጽሞ ሲጠፋ ግን መሣሪያውን ማቆም መግደል ነውን? አይደለም። የገደለው በሽታው ነው፤ ሕፃኑን ያለ ተስፋ በቱቦ አስሮ ማቆየት ለእርሱ ምሕረት ሳይሆን ለእኛ ፍርሃት መሸፈኛ ነው። ነገር ግን ይህ እውነት ለእናትና ለአባት በመጨረሻው ሰዓት ሳይሆን መሣሪያው ሳይጀመር ሊነገራቸው ይገባል። ተራውም በዘመድና በገንዘብ ሳይሆን በሕመሙ ጽናትና በመዳኑ ተስፋ ይሰጥ።

አንዳንዶች፣ «ድኻ አገር ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ከሚያወጣ ለብዙዎች መድኃኒት ቢገዛ ይሻላል» ይላሉ። ነገሩ ከንቱ አይደለም። ከሚታመሙት ልጆች ብዙዎቹ ልባቸው የሚጎዳው በጊዜው ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ጠንቅ ነው፤ ርካሹ ፔኒሲሊንም ይህን ያስቀራል። ነገር ግን እንዲህ የሚለው ሰው ፔኒሲሊኑን በእርግጥ ገዝቶ ለገጠሩ ጤና ጣቢያ ያደርሳልን? ካላደረሰ፣ ቁጥርን የጠራው ከአንዱም ከብዙዎቹም ፊቱን ለማዞር ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ዕድሜ ማበደር ታላቅ ሥራ ነው፤ ልጁን ከመበደር የሚያድን ግን ከአበዳሪው ይበልጣል። ዛሬ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ሕፃን ግን ሁለቱም ሊረሱት አይገባም።