የልደት መዝሙርና የልብ ትዝታ



የጌታችን የልደት በዓል ሲደርስ በየቁምስናችን አንድ የታወቀ መዝሙር ገና ሲነሣ፣ ከኋላ ከተቀመጡት መካከል አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ሲያነሡ እናያለን። ሕዝቡ እልል ይላል፤ እርሳቸው ያለቅሳሉ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፣ አምና አብሯቸው የዘመረውን ሟች ባለቤታቸውን፣ ወይም በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ በዓሉን በሥራ የምትውለውን ልጃቸውን ያነሡልናል። ከዚያም ያፍራሉ። «በጌታ ልደት ቀን ማልቀስ ይገባልን? እምነቴ ቢጎድል ነው እንጂ» ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ጥቂቶች ስላልሆኑ ነገሩን በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም።

ከእኛ በፊት በዚህ የተጨነቀ ታላቅ መምህር አለ። ቅዱስ አውጎስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ387 በሚላኖ ከቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ከተጠመቀ በኋላ፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲዘምር በሰማ ጊዜ አብዝቶ ማልቀሱን «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ጽፏል። በዚያው ዓመት ወደ አፍሪካ ለመመለስ ጉዞ ላይ ሳሉ እናቱ ቅድስት ሞኒካ በኦስትያ ከተማ ዐረፈች። አውጎስጢኖስ ኀዘኑን በልቡ አፍኖ በቀብሯ ላይ እንኳ ሳያለቅስ ዋለ። ገላውን ቢታጠብም አልቀለለውም። ተኝቶ ሲነቃ ግን አምብሮስዮስ የደረሰው አንድ የማታ መዝሙር ትዝ አለው፤ ያን ጊዜ የታገደው እንባ ፈሰሰ። ይህንን መዝሙር እናቱም ታውቀው እንደ ነበር፣ በሕይወት ሳለች ከቃሉ ጠቅሳ እንደ ተናገረች፣ እርሱ ራሱ በሌላ መጽሐፉ መስክሯል። ስለዚህ መዝሙሩ የመጣለት ብቻውን አልነበረም፤ የእናቱን ድምፅ ይዞ ነው።

ይኸው ቅዱስ ሰው በዚያው መጽሐፍ፣ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው ብቻ ልቡን ሲነካው ጥፋት እንደሚሆንበት ይናገራል። ቢሆንም በቤተ ክርስቲያን መዘመር ይቅር አላለም። እኛም የምንፈርደው እንደዚሁ ነው፤ እንባው ወደ ቃሉ ከመራ ንጹሕ ነው።

ወደ ቅዱስ ወንጌል እንመለስ። ቅዱስ ሉቃስ በጌታ ልደት ዙሪያ አራት ምስጋናዎችን አኑሮልናል፤ የእመቤታችንን፣ የዘካርያስን፣ የመላእክትንና የአረጋዊው ስምዖንን። የመጀመሪያዎቹ የልደት መዝሙሮች እነዚህ ናቸው። እመቤታችን በኤልሳቤጥ ቤት ያቀረበችው ምስጋና ግን ፍጹም አዲስ አይደለም። የሳሙኤል እናት ሐና ከብዙ ዘመን በፊት ካቀረበችው ጸሎት ጋር ብናስተያየው (1ኛ ሳሙ. 2)፣ ሐሳቡ ከሐሳብ፣ ቃሉ ከቃል ይገጥማል። ሐና ማን ነበረች? በእግዚአብሔር ቤት እያለቀሰች ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰካራም የመሰለችው ሴት ናት። ምስጋናዋንም ያቀረበችው ልጇን ታቅፋ በቤቷ ተቀምጣ ሳለ አልነበረም፤ ጡት ያስጣለችውን ሕፃን ሴሎ አምጥታ፣ ትታው ልትመለስ በተዘጋጀችበት ቀን ነው። ከልጇ የተለየች እናት መዝሙር በአምላክ እናት አፍ የደስታ መዝሙር ሆነ። ስምዖንም ቢሆን ሕፃኑን ታቅፎ ያመሰገነው ሞቱን እየጠበቀ ነው፤ ወዲያውም ለእመቤታችን በነፍሷ ስለሚያልፈው ሰይፍ ነገራት። በልደቱ ደስታ አጠገብ እንባን ያስቀመጠው እንግዲህ ወንጌሉ ራሱ ነው።

በኋላ ዘመን የተደረሱትም ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አይደሉም። ስለ ጸጥተኛዋ ሌሊት የሚናገረውን፣ «ሽቲለ ናኽት» የተባለውን የጀርመንኛ መዝሙር ብዙዎቻችን በዜማው እናውቀዋለን። ግጥሙን የደረሱት አባ ዮሴፍ ሞር እ.ኤ.አ. በ1792 በሳልዝቡርግ ከድኻ እናት ተወልደው ያለ አባት ያደጉ ካህን ናቸው። ግጥሙን የጻፉት በ1816 ማሪያፕፋር በተባለች መንደር ሲያገለግሉ ነው። የናፖሊዮን ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዓመት በአውሮፓ በጋው በጋ ሳይሆን ቀርቶ አዝመራው በብርድ ጠፍቶ ነበር። ስለ ሰላም የዘመሩት በተራበ ሕዝብ መካከል ሆነው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 24 ቀን 1818፣ ኦበርንዶርፍ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ግጥሙን ለመምህሩና ለኦርጋን ተጫዋቹ ለፍራንዝ ግሩበር ሰጧቸው። ግሩበር በዚያው ዕለት ዜማ አወጡለት፤ በዚያች ሌሊትም ሁለቱ በጊታር ታጅበው በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ዘመሩት። (ኦርጋኑን አይጦች ስለበሉት ነው የሚባለው ተረት ማስረጃ የለውም፤ ለልጆች እንደ እውነት ባይነገር እንመርጣለን።) መዝሙሩ ዓለምን ሲዞር የደራሲው ስም ተረሳ። አባ ዮሴፍ በ1848 በድኽነት ዐረፉ፤ በእጃቸው የጻፉት ቅጂ የተገኘው በ1995 ነው።

በ1914 የልደት ዋዜማ በምዕራቡ ግንባር በምሽግ ትይዩ የነበሩ የጀርመንና የእንግሊዝ ወታደሮች የየአገራቸውን የልደት መዝሙር እየተቀባበሉ መዘመራቸው፣ ከየምሽጋቸውም ወጥተው መጨባበጣቸው፣ በአንዳንድ ስፍራም ሙታናቸውን በአንድነት መቅበራቸው የታወቀ ነው። ጦርነቱ ግን አራት ዓመት ቀጠለ። መዝሙር ተኩስ ያቆማል ብለን አንሰብክም። እነዚያ ሰዎች ግን በዚያች ሌሊት ጠላት ያሉት ሰው እናት እንዳለችው አስታወሱ።

እኛም የልጅነታችንን የገና ሌሊት ስናስብ ቀድሞ የሚመጣብን ስብከቱ አይደለም፤ የዕጣኑና የቄጤማው ሽታ፣ በአያት ጋቢ ተሸፍኖ በእንቅልፍ ልብ የሚሰማ የከበሮ ድምፅ ነው። ቃሉ ግዕዝ ነበርና ትርጉሙን አናውቀውም። ከዓመታት በኋላ ስንማረው ግን በቤታችን የኖረ ሰው ስሙን የነገረን ያህል ሆነልን። በላሊበላ ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያዜሙ ከዚያ የሚቆመው ምእመን ሁሉ ግዕዝ ያውቃልን? አያውቅም፤ ነገር ግን ከአያቶቹ ጋር እንደ ቆመ ያውቃል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ (ቁ. 119) የየሕዝቡ የዜማ ባህል ተገቢው ክብርና ስፍራ እንዲሰጠው ያዘዘው ይህን በመገንዘብ ይመስለናል።

ስለዚህ መዘምራንን አንድ ነገር እንለምናለን። አዲስ መዝሙር ማጥናታችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን በልደት ሌሊት ሽማግሌዎች የሚያውቁት ቢያንስ አንድ መዝሙር ይቀመጥ፤ እርሱም ሲዘመር ድምፅ ማጉያው ይዘጋ። በአንዳንድ ስፍራ ማጉያው ከመበርታቱ የተነሣ ሕዝቡ መዘመር ትቶ አድማጭ ሆኗል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ በስብከት፣ በብርሃንና በኖላዊ ሳምንታት ልጆቹን ወደ አረጋውያን ቤት ይላኩ። ልጆቹ የሚወዱትን የልደት መዝሙር ይጠይቋቸው፤ ማን እንዳስተማራቸውም ይጠይቁ። የሚያለቅሱ ካሉ ልጆቹ ዝም ብለው ይጠብቁ። ቃሉንና ያስተማረውን ሰው ስም በደብተር ይጻፉ፤ ከሞቱት ወገን ከሆነ ስሙ በዓሉ ሳይደርስ ለካህኑ ይሰጥና በልደት ቅዳሴ ይታሰብ።