በአፈሙዙ ፊት ማን አለ?

ዋጃ ያደገ ልጅ መጫወቻውን ራሱ ይሠራል፤ ከጭቃ፣ ከማሽላ አገዳ፣ ከቆርቆሮ። እኛ በልጅነታችን የምንሠራው ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ታናናሾቻችን ታንክም ይሠራሉ፤ ልጅ የሚሠራው ያየውን ነውና። በወጣቶች ኅብረታችን የተነሣው ጥያቄም ከዚህ የመጣ ነው፦ የመግደያ መሣሪያን አስመስሎ መሥራት ለክርስቲያን ይገባል ወይ?

በሌላው ዓለም ይህ የአዋቂዎችም ሥራ ነው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ የሚገጣጠሙ የታንክ ሞዴሎችን በ1፡35 መጠን ይሸጣል። መጠኑ የተመረጠው ለታሪክ ተብሎ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ሞዴል ባትሪና ሞተር እንዲይዝ ነው። በዚህ መጠን ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው 5 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሠሪዎቹ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ይገጥማሉ፣ ዝገቱንና ጭቃውን ሳይቀር በቀለም ያስመስላሉ። ትዕግሥታቸውን አደንቃለሁ። ነገሩን “ኃጢአት ነው” ብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋ ስብከትም አያሳምነኝም።

ነገር ግን ልክ መሆን ሌላ፣ እውነት መሆን ሌላ ነው። አገራችን በደንብ የምታውቀው የሶቪየቱ ቲ-55 ታንክ 36 ቶን ያህል ይመዝናል፤ አራት ሰው ይይዛል። ሞዴሉ ብሎኑን ሁሉ ሊያሳየን ይችላል። አራቱን ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ የተተኮሰበትንማ ጨርሶ። መደርደሪያ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ አፈሙዙ ወደ ባዶ ግድግዳ ነው።

ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደንበጉና ላይ የሆነውን አስቡ። የጣሊያን ትንንሽ ታንኮች መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ ይተኩስ ስለነበር የራስ እምሩ ሰዎች ከኋላ መጥተው ወጡባቸው። ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ እኔንም ደስ ይለኛል። ያንን ታንክ ልሥራ ብል ታዲያ ምኑን ልሥራ? ብረቱን ብቻ ከሠራሁ የወራሪውን መኪና አሳመርኩ። ጀግናውን ብቻ ብጨምርበት ደግሞ በዚያ ጠባብ ብረት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ይረሳሉ።

በመጽሐፍ ቅዱስም የጦር መሣሪያ ሞዴል የሠራ ሰው አለ፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል። በምዕራፍ 4 እግዚአብሔር በጡብ ላይ ኢየሩሳሌምን እንዲስል፣ ዙሪያዋን የአፈር ድልድልና ቅጥር ማፍረሻ እንዲያደርግባት ያዝዘዋል። ልዩነቱን አያችሁ? በሞዴሉ ውስጥ ከተማዋ አለች። ሠሪውም ሠርቶ አልሄደም፤ በግራ ጎኑ 390 ቀን ተኛ፤ እንደ ተከበበ ሰው ምግቡን በሚዛን በላ፣ በቀን 20 ሰቅል።

ስለዚህ ለኅብረታችን ጥያቄ የእኔ መልስ “ሥሩ” ነው፤ በአፈሙዙ ፊት ያለውንም ጨምራችሁ። እኛ አገር ከሆነ ሳይታጨድ የቀረውን ማሽላ፣ የተዘጋውን ትምህርት ቤት ሥሩ። ይህን ለመሥራት እጃችሁ እምቢ ካለ፣ ታንኩን ብቻ ለምን እንደወደደ ጠይቁት።

ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ስለ መብል የጻፈውም እዚህ ይሠራል፤ የተፈቀደልን ነገር ወንድማችንን ሊያሰናክል ይችላል። ልጇ ያልተመለሰላት እናት ቡና ልትጠጣ ቤታችሁ ስትገባ ሞዴሉን ከመደርደሪያው አንሡት። “እስቲ ልየው” ካለች ግን ስጧት፤ ምን እንደጎደለው ትነግራችሁ ይሆናል።