የሚጎዳው የማን ዓይን ነው?

አዲስ አበባን ሊያይ የመጣ ሰው፣ ከውጭ አገርም ይምጣ ከክፍለ ሀገር፣ የሚዞርበት መንገድ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ሉሲን ያያል፣ ቅድስት ሥላሴን ይሳለማል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንድነት ፓርክ፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተጨምረውለታል። ከዚያ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ እንጦጦ ይወጣና ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባትን የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ በ2013 በተከፈተው ፓርክ ቡና ጠጥቶ ከተማዋን ቁልቁል አይቶ ይመለሳል። ሲወጣም ሲወርድም የሚያቋርጠው የጉለሌን ክፍለ ከተማ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ቢቆም እንኳ ከሱቅ ደጃፍ የተሰቀለ የሀበሻ ቀሚስ ሊገዛ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው የሸማኔ ጓዳ አይዘልቅም። ከመንገዱ በስተምዕራብ ወደምትገኘው ቀጨኔ የሚታጠፍማ ከስንት አንድ ነው። ይህን አለማየት የጊዜ ማነስ ወይም የአስጎብኚ ስንፍና አድርጎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ጉዳዩ የነፍስ ነው ባይ ነኝ። ሰው በከተማ ውስጥ ምን ሊታይ ይገባዋል ብሎ ሲወስን፣ ማን ሊታይ ይገባዋል ብሎም እየወሰነ ነው።

ጉለሌ ውስጥ የሚሠራው ሌላው አዲስ አበባ የሚለብሰው፣ የሚጋግርበትና ቡና የሚያፈላበት ነው። ሸማኔው ከሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድዳል፤ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ በእጁ መወርወሪያዋን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ድሩ ፊት ለፊቱ እስከ ግድግዳው ድረስ ተወጥሯል፤ ማጉ ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ጥጥ ነው። የሸማውን ሜዳ በፍጥነት ይሸምነዋል፤ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ክሩን እየቆጠረ በጣቱ ያነሣል፣ ያስገባል፣ እንደገና ይቆጥራል። ቀጨኔ ውስጥ ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ከተፈጨ ገል ጋር አቡክታ፣ ያለ ምንም ማሽከርከሪያ፣ በእጇ ብቻ የጀበናውን ሆድ ታወጣለች፤ አንገቱን ትቀጥላለች፤ በለስላሳ ድንጋይ ፈትጋ ታደርቀውና ከደጅ በእንጨትና በቅጠል እሳት ትተኩሰዋለች። ያ የምናውቀው ጥቁረት የሚመጣው ሸክላው ገና ትኩስ ሳለ በጭስ ሲታፈን ነው። ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ ላይ የሚታየው ነጭ የሰው ባሕር የለበሰው ነጠላ ብዙው የወረደው ከዚህ ዳገት ነው። ለቅሶ ቤት ጥለቱ ወደ ፊት ተገልብጦ የሚለበሰውም ያው ነጠላ ነው። የደስታችንም የሐዘናችንም ልብስ፣ የእንጀራችን ምጣድ፣ የቡናችን ጀበና ከእነዚህ ሰፈሮች እጅ ይወጣል።

እነዚህ እጆች ግን ለዘመናት የተከፈላቸው ንቀት ነው። ሸማኔ የሚለው የሙያ መጠሪያ ራሱ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳና አዲሱ ገበያ የሰፈሩትን ሸማኔዎች ከተሜው ከየት ቀበሌ መጣችሁ ሳይል ሁሉንም በአንዱ ወገን ስም ዶርዜ ብሎ ጠራቸው። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ የባሰው ደረሰባቸው፤ ቡዳ ተባሉ። በብዙ አገር ርስት ተነፈጋቸው፣ ጋብቻ ተከለከላቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ተወራባቸው። የክሱን ይዘት ልብ እንበለው። ቡዳ የሚከሰሰው በእጁ አይደለም፤ እጁ የሠራውን ምጣድና ማረሻማ ሁሉም ይፈልገዋል። የሚከሰሰው በዓይኑ ነው፤ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ዓይን ለዓይን እንዳይገጥሙ የሚሸሹት፣ ልጅ የሚሸሽጉበት፣ ምግብ የሚሸፍኑበት ሰው ሆነ። እኔ ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። በዓይን የተበላው ተከሳሹ ነው፤ የበላው ከሳሹ ማኅበረሰብ ነው። ማየት አልፈልግም ያለ ዓይን የሰውን መሬት፣ ትዳርና ክብር ከወሰደ ከዚህ የበለጠ የሚጎዳ ዓይን አላውቅም። ዐፄ ምኒልክ ይህን ተረድተው በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ፤ ክርክራቸውም ሃይማኖታዊ ነበር፣ የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተገኘ አንድ ፍጥረት ነው የሚል። አዋጁ አንደበትን ሊከለክል ይችል ይሆናል። ዓይንን ማዘዝ ግን የአዋጅ ሥራ አልነበረም።

ንቀቱ በሃይማኖት ስም ሲነገር ስለኖረ መልሱም ከሃይማኖት መጀመር አለበት። የኦሪቱ ፈጣሪ አዳምን ከምድር አፈር ሲያበጀው በሸክላ ሠሪ አምሳል ተተርኳል። በዘፀአት የመገናኛው ድንኳን እንዲሠራ በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ባስልኤል ካህን ወይም ንጉሥ አይደለም፤ ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ፣ እንጨት የሚቀርጽ፣ ሸማ የሚሠራ ባለ እጅ ነው። ጉለሌ ውስጥ የሚኖሩ ሙስሊሞችም ብረት ለስልሶለት ጥሩር የሚሠራውን ነቢዩ ዳውድን በቁርኣን ያውቁታል። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የኤርምያስ ታሪክ ነው። ነቢዩ የእግዚአብሔርን ቃል ለመስማት ወደ መቅደስ ሳይሆን ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት እንዲወርድ ታዘዘ። ቃሉ ባለበት ሊነገረው ይችል ነበር፤ ሆኖም መጀመሪያ ማየት ነበረበት፣ ጭቃው በሠሪው እጅ ሲበላሽና እንደገና ሲበጅ። በእኛ ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ገበሬውን፣ ማኅተም ቀራጩን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪውን በየተራ ከሥራቸው ላይ እያሳየ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይኖር ይመሰክራል፤ ጸሎታቸውም ሥራቸው ውስጥ እንዳለ ይነግረናል። ያው ሲራክ ግን በሸንጎ እንደማይፈለጉ፣ በዳኛ ወንበር እንደማይቀመጡም ይናገራል፤ ጥበብ የሚገኘው ጊዜ ባለው ጸሐፊ ዘንድ ነው ይላል። ብዙ አንባቢ ይህን እንደ ትእዛዝ ያነበዋል። እኔ የማነበው የዘመኑን ከተማ እንደሚገልጽ ምስክርነት ነው። ምክንያቱም ጠቢቡ ራሱ ስለ ሸክላ ሠሪው ሲጽፍ እግሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምድጃውን ለመጥረግ እንዴት እንደሚተጋ ሳይቀር ያውቃል። ይህን ያወቀው ቆሞ ስላየ ነው። እንዲህ ላየ ሰው ሸክላ ሠሪውን መናቅ የማይቻል ነገር ነው።

የክርክሬ ፍሬም ይኸው ነው። ዝነኛ ቦታ ያለቀ ነገር ያሳያል፤ ሰፈር ግን የሚሠራውንና የሚሠራበትን ሰው ያሳያል። ያለቀውን ብቻ ያየ ሰው፣ ሳያስበው፣ ዕቃውን ተቀብሎ ሠሪውን የሚሸሸውን የድሮ ዓይን ይወርሳል። እንጦጦ ላይ ያለው የምኒልክ ቤት የእንጨትና የጭቃ ሥራ ነው፤ ጭቃውን የለጠፈው ሰው ስም ግን አይነገርም። የማገዶ እጦት ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያስነሣት ሲቃረብ፣ በ1880ዎቹ ማብቂያ የገባው ባሕር ዛፍ እንዳዳናት አስጎብኚው ሁሉ ይተርካል። ዛፉ ግን በራሱ ከተራራ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ቅርንጫፉንና ቅጠሉን አስረው፣ ጎብጠው፣ በጀርባቸው ወደ ሽሮ ሜዳ አውርደውታል። ከተማዋ እንጀራዋን የጋገረችው በእነርሱ ጀርባ ነው። ቦታው ራሱ ጉለሌ የተባለው ከአዲስ አበባ ምሥረታ በፊት በዚህ ይኖር በነበረው የኦሮሞ ጎሣ ነው፤ ስሙን በየቀኑ የምንጠራ ስንቶቻችን ስለ ባለቤቶቹ ጠይቀናል? ይህን ሁሉ ሳያይ አዲስ አበባን አየሁ የሚል ሰው እውነቱን አልተናገረም።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። ድኻ ሰፈር ሄዶ ማየት ድህነትን ትርኢት ማድረግ አይደለም ወይ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ባለጸጎች ምሥራቁን የከተማቸውን ክፍል እንደ ቲያትር ሊያዩ ይወጡ ነበር፤ ዛሬም በሪዮ ዴ ጄኔሮና በሙምባይ የድኾች ሰፈር ጉብኝት በትኬት ይሸጣል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ላይ ከመኪና መስኮት የሚደገን ካሜራም ከዚህ የተለየ አይደለም። ተቃውሞውን ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ፤ የሚያረጋግጠው ግን የእኔን ነጥብ ነው። ካሜራው የሚያየው ጎባጣውን ጀርባ እንጂ ሴትዮዋን አይደለም፤ ስለዚህ አላያትም። የአሁኑ ዓይን ሰውየውን ወደ ሥዕል፣ የድሮው ወደ ጅብ ይለውጠዋል፤ በሁለቱም ሰውየው ይጠፋል። ከዚህ የሚለየው እይታ የሚፈተነው በቀላል ነገር ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ ቤቶች ብሎ፣ ግቡ ሲባል የሚገባ፣ ስም የሚጠይቅ፣ ሥራውን በሠሪው አፍ የሚሰማ፣ የሚገባውን ዋጋ ሳይከራከር የሚከፍል፣ አታንሡኝ ከተባለ ካሜራውን የሚመልስ ሰው ትርኢት አላደረገም። እንዲህ ማየት የማይሆንለት ሰው ባይሄድ ይሻላል። ችግሩ ያለው በአካሄዱ ላይ ነው፤ ሰፈሩ ይታይ አይታይ የሚለው ላይ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከነዋሪው ወገን የሚመጣ ነው፤ እኔም የምፈራው ይህን ነው። የቀጨኔ ሰው የሚፈልገው ንጹሕ ውኃ፣ ሽንት ቤትና ጭስ የሌለበት መሥሪያ ነው፤ እናንተ የሰፈሩን ውበት ስታወሩ ጭቃው ውስጥ እንዲቀር እየፈረዳችሁበት ነው ይላል። የሽሮ ሜዳው ጓዳም ገነት አይደለም። ከጋሞ መንደሮች በተስፋ ቃል እየተወሰዱ፣ ትምህርት ቀርቶባቸው፣ ከንጋት እስከ ማታ ከድር ጋር የሚታገሉ ሕፃናት ነበሩ፤ አሉም። በየሱቁ የተሰቀለው ሁሉ የእጅ ሥራ አይደለም፤ ከውጭ የገባ የማሽን ጨርቅ ከሸማኔው ሸማ ጎን ተሰቅሎ በርካሽ ይሸጣል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ማየት ማለት እንዳለ ይቆይ ማለት አይደለም። ኤርምያስ ጭቃው ሲበላሽም አይቷል፤ የታየው ነገር ትርጉም ያገኘው እንደገና ሲበጅ ነው። ሕፃኑን ከጉድጓዱ አፍ የሚያስነሣው ጓዳው ድረስ የዘለቀ ዓይን ነው፤ ከሱቁ ደጃፍ የተመለሰ ገዥ ልጁ እዚያ እንዳለም አያውቅም። በእጅ የተሠራውን ጥለት ከማሽኑ መለየት የሚችልም ሲሠራ ያየ ሰው ነው፤ ያልለየ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይሰጣል፣ ሸማኔውም ይከስራል። መንደሩ ይፈርሳል፣ ይታደሳል፣ መንገድ ይወጣለታል፤ ይህ የከተማ ዕጣ ነው። ከዚያ በፊት ማን እንደሚኖርበትና ምን እንደሚሠራበት የተጠየቀለት ሰፈር ሲታደስና ሳይጠየቅለት የቀረው ሲታደስ ግን ውጤቱ አንድ አይሆንም፤ ሸክላ ሠሪዋ በሁለተኛው ላይ መተኮሻ ቦታዋን ታጣለች።

ሦስተኛውን ባጭሩ ላንሣ። ተሳላሚው የሚሄደው ወደ ቅዱስ ቦታ ነው፤ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ፈውስ የሚሻ ሕመምተኛ በመንገዱ ያለውን ሸማኔ ሊጎበኝ ግዴታ የለበትም የሚል ሰው አይጠፋም። ሕመምተኛውን ማንም አይከስሰውም። ለጤነኞቻችን ግን የሳምራዊውን ምሳሌ አነሣለሁ። ካህኑና ሌዋዊው በምሳሌው የተወቀሱት ቆስሎ የወደቀውን ሰው አይተው በማለፋቸው ነው። የክርስቶስ ጥያቄ ያረፈው መነሻና መድረሻ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። የእንጦጦ መንገድም መካከል አለው፤ ሽሮ ሜዳ፣ ቁስቋም፣ ቀጨኔ፣ ሩፋኤል ይባላል።

ስለዚህ እንግዳ የምታሳዩ ሰዎች ከእንጦጦ ስትወርዱ ለጉለሌ የሚሆን ጊዜ አስቀሩ፤ እንግዳውንም ሱቁ ደጃፍ ላይ አትተዉት፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ወደ ድሩ አስገቡት። በሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ኤርምያስን ስትተርኩ ልጆቹን ቀጨኔ ወስዳችሁ ሸክላ ሠሪዋን አስተዋውቋቸው፤ ቡዳ የሚለውን ቃል ከማንም ሳይሰሙ በፊት ስሟን ይወቁ። አስጎብኚ ድርጅቶች የሸክላና የሽመና ማኅበራቱን በዝርዝራችሁ አግቧቸው፤ ከምታስከፍሉትም የሚገባቸውን ድርሻ ስጧቸው። አንቺም አንተም ለመጪው ጥምቀት ነጠላ ስትገዙ ባለ ሱቁን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ይህን የሠራው ማን ነው፣ የትስ ተቀምጦ ይሠራል? መልሱን ካላወቀ ጓዳው ሩቅ አይደለም፤ አብራችሁት ሂዱ።