ሁሉን የሚሆነው ህዋስና የሰው ክብር

ወረንጦ በማተባቸው አንጠልጥለው የሚሄዱ እናቶች ለሐሙሲትና ለአካባቢዋ ሰው እንግዳ አይደሉም። ሕዝቡ «የዓይን ማዝ» የሚለው ትራኮማ የዓይን ቆባቸውን ወደ ውስጥ ስላጠፈው፣ ብሌናቸውን የሚወጋውን ሽፋሽፍት የሚነቅሉበት ነው። ብሌኑ ሲቧጨር ኖሮ ጠባሳ ይይዛል፤ በመጨረሻም ብርሃን ይጠፋል። እንግዲህ «ስቴም ሴል የታወረ ያበራል» የሚለው ወሬ ወደ እኛ ሲደርስ፣ ምእመናን «ቤተ ክርስቲያን ለምን ትቃወማለች?» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። ስቴም ሴል፣ ወይም ግንደ ህዋስ፣ የሥራ ድርሻው ገና ያልተለየለት ህዋስ ነው። በአካላችን ያሉ ህዋሳት፣ እንደ ቀይ የደም ህዋስ ካሉት ጥቂቶች በቀር፣ 20 ሺህ ያህል ጂኖች የተጻፉበትን አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይይዛሉ። የዓይን ህዋስ የጉበቱን ምዕራፍ አልተነፈገም፤ ተዘጋበት እንጂ። ግጻዌ የዕለቱን ምንባብ ሲያዝዝ የቀረው መጽሐፍ ከአትሮንሱ እንደማይጠፋ ማለት ነው። ከጎረቤት ህዋሳት በሚደርሰው ምልክት አንዱ ምዕራፍ ይከፈታል፣ ሌላው ይዘጋል፤ ህዋሱም ነርቭ ወይም ጡንቻ ይሆናል።

ክርክሩ የሚነሣው ግንደ ህዋሱ ከየት ተገኘ ከሚለው ነው። በዓይናችን ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ጠርዝ፣ የብሌኑን ገጽ የሚያድሱ ግንደ ህዋሳት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ግራዚዬላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ዴ ሉካ የተባሉ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ከሕመምተኛው ጤነኛ ዓይን ጥቂት ወስደው፣ አባዝተው፣ የተጎዳውን ዓይን አለበሱት፤ ሕክምናውም በ2015 በአውሮፓ ተፈቀደ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ደስ ይላታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን አሜሪካዊው ጄምስ ቶምሰን በቤተ ሙከራ ከተፀነሱ፣ ጥቂት ቀን ብቻ ከሆናቸው የሰው ፅንሶች ግንደ ህዋስ አወጣ። በዚህ መንገድ ፅንሱ ይጠፋል።

«ዓይን የለው፣ ልብ የለው፣ ነርቭ የለው፤ ምኑ ሰው ነው?» ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ የሚያቀርቡትም ብዙ ጊዜ ለሕመምተኛ የሚራሩ ናቸው። ነገር ግን ያልተለየ ማለት የሌለ ማለት አይደለም። በሳህን ላይ ያለ ግንደ ህዋስ ሁሉን ሊሆን ቢችልም ራሱን አካል አድርጎ አይሠራም፤ ፅንስ ግን የራሱን ሥርዓት ይዞ ወደ ፍጻሜው የሚሄድ አንድ ሕያው ነው። ክብር በሥራ ድርሻ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ፣ ዓይኗ ጠፍቶ ከምድጃ ዳር የዋለችውን እናት ምን ልንላት ነው? ቫቲካን በ1987ም ሆነ በ2008 ባወጣቻቸው ሰነዶች ፅንስን ለምርምር ማጥፋትን ያወገዘችው ስለዚህ ነው።

ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 የአይጥን፣ በ2007 ደግሞ የሰውን የቆዳ ህዋስ በ4 ጂኖች ኃይል ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰ፤ ፅንስ ሳይነካ። በ2012ም ከጆን ጉርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ባይሳካለት ኖሮም መልሳችን ያው በሆነ ነበር።

ለትራኮማ ግን ከእነዚህ አንዱም ቅርብ አይደለም። ደዌው ሁለቱንም ዓይን ስለሚይዝ ጤነኛ ጠርዝ ብዙ ጊዜ አይተርፍም፤ ከሟች የተለገሰ ብሌን ቢተከልም ቆቡ ካልተቃና ያው ይቧጨራል። ስለ ሩቁ ቤተ ሙከራ አጥብቀው የሚሰብኩ አንዳንዶች ወረንጦውን አይተው ያልፋሉ። የታጠፈውን ቆብ የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና በሠለጠነ ባለሙያ በጤና ጣቢያ በአጭር ጊዜ የሚሠራ ነው። ካቴኪስቶች ቤት ለቤት ስትዞሩ ጠይቁ፤ እናቶች የሚቀሩት ቢላውን ፈርተው፣ ወይም ዓይናቸው ታሽጎ ሳለ እንጀራ የሚጋግርላቸው አጥተው ሊሆን ይችላል።