ስለ ባላገር ዕውቀትና ስለ ዕቅድ

ዕውቀት ከወዴት ይገኛል ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤትና ከመጽሐፍ ነው ብለን እንመልሳለን። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። አያቱና አባቱ ባረሱት መሬት ላይ እርሱም የሚያርስ ሰው ስለዚያ መሬት የሚያውቀው ነገር አለ። ይህ በጽሑፍ ስላልሰፈረ ብቻ ዕውቀት አይባልምን? መሬትንና ደንን ለመጠበቅ ዕቅድ የሚያወጣስ ይህን ሰው የመጠየቅ ግዴታ አለበትን ወይስ መጠየቁ ቸርነት ብቻ ነው? ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

በመንዝ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘው የጓሳ ምድር ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። በሣሩ ቤት ይከደናል፤ ገመድም ይገመዳል። ሕዝቡ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል፤ ምድሩም ለ3 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ለ5 ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ከብት አይገባበትም፤ ሣር አይታጨድበትም፤ ደንቡን የጣሰም ይቀጣል። ሣሩ ተጠብቆ ስለ ቆየ አይጥ ኖረበት፤ አይጥ ስለ ኖረበትም ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ምግቡን አላጣም። መንዞች ይህን ያደረጉት ለቀበሮው ብለው ሳይሆን ለቤታቸው ክዳን ብለው ነው። ሆኖም ለራሱ ነገ የተጠነቀቀ ሰው ሳያስበው ለሌላውም ፍጥረት ተጠነቀቀለት።

እንደዚሁም የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ የካበው እርከን አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል፤ ውሃውን ይይዛል፤ የተረፈውንም በሥርዓት ያወርዳል። ይህ ሥራ ለብዙ ትውልድ ጸንቶ በ2003 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአንጻሩ በ1970ዎቹ ዓ. ም. በምግብ ለሥራ በሌሎች አውራጃዎች ከተሠራው እርከን ብዙው መንግሥት ሲለወጥ ፈረሰ። ድንጋዩ ከኮንሶ ድንጋይ የሚያንስ ሆኖ አይደለም። ገበሬው እርከኑ እርሻውን ያጠብብኛል፣ በሬ መጥመጃና መዞሪያ ያሳጣኛል፣ አይጥ ያራባብኛል ሲል የሰማው ስላልነበረ የእኔ ነው ብሎ አልጠበቀውም።

ይሁን እንጂ የጥንት የሆነው ሁሉ ቅን ነው ማለታችን አይደለም። በቄሮ ሥርዓት የመጠቀም መብት በቀደሙት አቅኚዎች ዘር ይቆጠር ስለ ነበር ከዚያ ዘር ያልሆነው ወገን ወደ ዳር ይገፋ ነበር። በ1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ቄሮ ቀረ። እኩልነት መጣ፤ ነገር ግን አለቃው ሲሻር ጥበቃውም አብሮ ላላ። ከጊዜ በኋላ ሕዝቡ እንደገና ተመካክሮ ከዘር ቆጠራ የተለየ የጥበቃ ደንብ አቆመ፤ ጓሳም ዛሬ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ምድር ሆኖ ይታወቃል። እንግዲህ ጥበብን ከበደል ለይቶ መያዝ እንደሚቻል ከዚህ እንማራለን። ከዚህም በቀር ልማድ የማያውቀው ነገር አለ። የሕዝቡ ቁጥር ሲበዛና የዝናቡ ወራት ሲዛባ የአያት ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ መለኪያውና ካርታውም ያስፈልጋሉ።

ታዲያ መጠየቅ ለምን ግዴታ ይሆናል? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጥቅም ነው፤ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንደ ተባለ፣ የቦታውን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ዕቅዱን ከስሕተት ያድነዋል። ሁለተኛውና የሚበልጠው ፍትሕ ነው። ዕቅዱ ቢሳሳት ባለሙያው ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል፤ ባላገሩ ግን ከተበላሸው መሬት ጋር ይቀራል። የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍል ሰው በምክሩ ጊዜ ሊገለል አይገባም። ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ሕዝብን ሰብስቦ ማስጨብጨብም መጠየቅ አይባልም፤ ጥያቄ ከውሳኔ መቅደም አለበት፤ ውሳኔውንም ሊለውጠው የሚችል መሆን አለበት።

ስለዚህ ሹሙ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። መምህሩም ተማሪዎቹን ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ባልቴቶች ልኮ የዛፉን፣ የአፈሩንና የምንጩን ስም ያስጽፍ። ስሙን የሚያውቁት ሰዎች እየጠፉ ነውና፣ ዛሬ ያልጠየቅነውን ነገ የምንጠይቀው ሰው አናገኝም።