መቶ ኪሎ እስከ ፋሲካ

ከገና በኋላ ከወጣቶች ኅብረት ስንወጣ አንድ ወንድም ስልኩን ከፍቶ የጻፈውን ግብ አሳየኝ። ባምቢስ አካባቢ ጂም ከጀመረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። እስከ ፋሲካ ክብደቱን ከ58 ኪሎ ወደ 75 ሊያደርስ፣ ቤንች ፕሬስ ደግሞ 100 ኪሎ ሊገፋ አቅዷል። «አልበዛም?» ብለው፣ «መምህር፣ በእምነት ነው የያዝኩት» አለኝ። መልስ አጣሁ። ብዙዎቻችሁም እንደ እርሱ የምታስቡ ስለሚመስለኝ ያን ቀን ያልመለስኩትን እነሆ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ባዶው ብረት 20 ኪሎ ነው። በየሳምንቱ 2.5 ኪሎ ብትጨምሩበት በዓመቱ 150፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ 410 ኪሎ ትገፋላችሁ ማለት ነው! ይህን ማንም አያምነውም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጣን ለውጥ በአብዛኛው ከጡንቻ ማደግ የሚመጣ አይደለም፤ አንጎልና ነርቭ እንቅስቃሴውን እየተማሩ ነው። ጡንቻ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ጅማት ደግሞ ከእርሱም ይዘገያል። ግሪኮች ስለ ክሮቶኑ ታጋይ ስለ ሚሎን ሲያወሩ፣ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ ጥጃው ሲያድግ በሬ ተሸከመ ይላሉ። እኛ ታሪኩን ስንሰማ የምንይዘው በሬውን ነው። ጥጃው ለማደግ የፈጀበትን ዓመታት እንረሳለን።

ለጀማሪ፣ በደንብ እየበላና እየተኛ፣ በወር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መጨመር ጥሩ ውጤት ነው። የራስን ክብደት ቤንች ላይ መግፋት ለብዙ ሰው ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለሠርግ ሚዜ ልትሆን በአንድ ወር አሥር ኪሎ ለመቀነስ ምግብ የተወችውም እህት ከዚሁ ሒሳብ አታመልጥም።

ምግብ ካልኩ ላይቀር፦ ጡንቻ ለመገንባት ብዙ ጊዜ የሚመከረው ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ግራም ይመጣል። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ገደማ ነው። ሽሮውና ምስሩ ያግዛሉ፤ ቢሆንም ቀሪውን ማን ይገዛዋል? ግቡን የጻፍከው አንተ ነህ፣ እንቁላሉ ግን የሚመጣው ከእናትህ የወር አስቤዛ ነው። ታናናሾችህ ከዚያው ድስት ይበላሉ። ስለ ግብ ስናወራ ይህን የሚያነሳ ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ «በእምነት» እንምጣ። እምነት እግዚአብሔር የተናገረውን መያዝ ነው። ቤንች ፕሬስ 100 ኪሎ የሚል ተስፋ የተሰጠን የት ላይ ነው? ጌታ ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ሲናገር (ሉቃስ 14) ቁጭ ብሎ ወጪውን የሚያሰላውን በእምነት ማነስ አልወቀሰውም። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሰውነት ልምምድን አልናቀም፣ ልኩን ግን ነገረው። እርግጥ «ልክን ማወቅ» ለስንፍና ጥሩ መሸሸጊያ መሆኑን አውቃለሁ። ለሦስት ወር ከፍሎ አራት ቀን ብቻ ሄዶ «ሰውነቴ አይሆንልኝም» የሚለውን ወንድም እዚህ ላይ አላጽናናውም።

እኔም 100 ጽፌ ነበር። እንደዚሁ እስከ ፋሲካ። 70 ላይ ስቆም ጓደኞቼ ፊት አፈርኩና በአንድ ምሽት 85 ጫንኩ። ቀኝ ትከሻዬ ያኔ ተጎዳ፤ እኔም ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማቱ ሲነሱ ያሳደጉኝ አንዲት ጎረቤት ዕቃ ጫኑልኝ ብለው ላኩብኝ። ቁምሳጥኑን ይዘን ደጃፉ ላይ ስንደርስ ትከሻዬ ከዳኝና ለቀቅሁት። መስታወቱ ተሰበረ። እትዬ «አይዞህ ልጄ፣ ዕቃ ነው» አሉኝ። በሕይወቴ ጉልበቴ በእውነት የተፈለገው በዚያች ቀን ነበር። ያን ጉልበት አስቀድሜ ለጓደኞቼ ዓይን ከፍዬዋለሁ።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስ ክብደቱ 60 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። ቀጭን ሁሉ ሯጭ ነው ለማለት አይደለም፤ ሚዛን ላይ የሚታየው ቁጥር ስለ ሰው የሚነግረን ጥቂት ነው ለማለት ነው።

ከዚያ ወንድም ጋር በሳምንቱ ቁጭ ብለን ግቡን እንደገና ጻፍነው። እስከ ፋሲካ 61 ኪሎ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ብረቱ ላይ የሚጨመረው ያለፈውን በትክክል ሲገፋ ብቻ። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። «መምህር፣ 61 ብዬ ለማን አወራለሁ?» አለኝ። ባለፈው እሑድ ስጠይቀው 59 ተኩል ደርሷል፤ ፊቱ ግን ገና ብዙም አልበራም።