ስለ ታላቁና ስለ ታናሹ ልክ

አንባቢ ሆይ፥ በሐረር በኤረር በር ወጥተህ ፊትህን ወደ ምሥራቅ ብትመልስ፥ የጁገል ቅጥር በኋላህ ይቆማል። ቅጥሩ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በውስጡ ያለውንም ከተማ እግረኛ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያቋርጠዋል። ይህ ዘመንና ይህ ስፋት ለሰው ልብ የሚመጥን ልክ ነው።

ነገር ግን በመሸ ጊዜ ወደ ሰማይ ቀና በል። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከጨረቃ ወደ እኛ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ፥ ከፀሐይ ግን 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በኅዳር ወር ሲመሽ ከምሥራቅ የሚወጡት ሰባቱ ከዋክብት የሚልኩልን ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ከ440 ዓመት ገደማ በፊት፥ ቅጥሩ ገና አዲስ ሳለ ነው። አንድሮሜዳ ከሚባለው ጋላክሲ የሚመጣው ብርሃን ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይጓዛል። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር በሐዳር አጥንትዋ የተገኘው ድንቅነሽ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነውና፥ ያ ብርሃን በተነሣ ጊዜ እርስዋ ከሞተች እጅግ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። የዓለሙ ሁሉ ዕድሜ ግን እንደ ሊቃውንት ስሌት 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው።

ይህን የሰማ ሰው፥ «እንግዲህ የእኔ ሥራ ምንድር ነው? ሚዛን ባጎድል፥ የሠራተኛን ደመወዝ ባስቀር፥ ከዋክብት አይናወጡም» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር የጥበብ መልክ አለው፤ ነገር ግን ልክን ከልክ ያደባልቃል። በበሩ አጠገብ አትክልት ለምትሸጥ ሴት ዋጋዋ ቢጎድልባት፥ የጎደለው ከሰማይ ስፋት አይደለም፤ ከልጆችዋ እራት ነው እንጂ። ደግሞም ያ ሰው ራሱ ገንዘቡን ቢቀሙት ወደ ከዋክብት አይመለከትም፤ ወደ ዳኛ ይሮጣል። ለራሱ ታላቅ የሆነው ነገር ለባልንጀራው እንዴት ታናሽ ይሆናል?

ይህንም ደግሞ አስብ። 70 ዓመት የኖረ ሰው ያለው 25,500 ቀን ያህል ብቻ ነው። ቢሊዮን ዓመት ያለው ቢኖር፥ አንድ ቀን ቢቀሙት ባልተሰማው ነበር። የቀን ሠራተኛ ግን ከዚህ ጥቂት ቍጥር አንዱን ለአንተ ሰጥቶሃል፤ መልሶም አያገኘውም። ዘመናችን ባጠረ መጠን ቀናችን ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ስለዚህ፥ ወዳጄ ሆይ፥ የሰማይ ስፋት ትዕቢትህን ያሳንሰው፤ ዕዳህን ግን አያሳንሰውም። ብርሃን ከሩቅ ኮከብ እስኪመጣ ሺህ ዓመት ቢቈይ አይጎዳም፤ የደከመ ሰው ደመወዝ ግን እስከ ነገ ቢያድር ይጎዳል። እንግዲህ ዛሬ ሳይመሽ ክፈለው።